ከምሳር እስከ ካሚዮን
የዛፍ ሥራ ጓዝ አመራረጥና የግሸን ዳገት

በዛፍ ሥራ የሚተዳደር ሰው ሁሉ ገና ሥራውን ከመጀመሩ ሁለት ጥያቄዎች ይጠብቁታል። አንደኛው «ዛፉ በምን ይቆረጣል?» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «የተቆረጠውስ በምን ይነሣል?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ዘወትር የሰውን አሳብ ሲስብ ኖሯል፤ ስለ ምሳር ስለትና ስለ መጋዝ ጥርስ የማይከራከር ባለሙያ የለም። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ የነጋዴና የሾፌር ጉዳይ ተደርጎ ይታለፋል። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ የዛፍ ሥራ ታሪክ በጥሞና ሲመረመር፣ የደኑን ዕድል የወሰነው ከስለቱ ይልቅ ማጓጓዣው ሆኖ ይገኛል። ሰው የሚቆርጠው ሊያነሣ የሚችለውን ያህል ነውና፤ ማንሻው ባደገ ቁጥር የሚወድቀውም ዛፍ አብሮ አድጓል። ዛሬ ለዛፍ ሕክምናና እንክብካቤ ሥራ መኪናና መሣሪያ ሊገዛ የሚነሣ ሰው፣ ይህን ታሪክ ሳያውቅ ቢመርጥ፣ ሙያውን ራሱን አብሮ ሊለውጥ ይችላል።

አምባውና ሸክሙ

በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል ምድር የሚገኘው ግሸን፣ ዙሪያውን በገደል የታጠረና አናቱ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ነው። በመካከለኛው ዘመን ዙፋን ይሻማሉ ተብለው የሚፈሩ የነገሥታት ልጆች በጥበቃ ሥር ይኖሩበት ነበር። በ1512 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ከገባው የፖርቱጋል መልእክተኞች ጓድ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ስለዚህ የነገሥታት ልጆች ተራራ በመጽሐፉ በሰፊው ጽፏል። በ1532 ዓ.ም. ገደማ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት አምባውን በያዘ ጊዜ ግን ያ ሥርዐት አከተመ። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ደግሞ፣ ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ግማደ መስቀሉን ያኖሩት በዚሁ አምባ ነው፤ ስለዚህም በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን እጅግ ብዙ ምእመናን ከየአውራጃው ወደ ግሸን ይወጣሉ።

ለአንድ የዛፍ ባለሙያ ግን ግሸን ሌላም ትምህርት አለው። አምባ ማለት የመጓጓዣ ፈተና ማለት ነው። ለመቅደስ የሚሆን ምሰሶም ሆነ ለቤት ክዳን የሚሆን ማገር፣ ለምድጃ የሚሆን ፍልጥም ሆነ ለውኃ መያዣ የሚሆን እንስራ፣ ወደ ላይ የሚወጣው በሰው ትከሻ ወይም በጋማ ከብት ጀርባ ነበር። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ስፍራ የግንዱ ርዝመትና ውፍረት የሚለካው በዛፉ ቁመት ሳይሆን በተሸካሚው አቅም ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የሚለው አባባል በዳገት ላይ የሥራ ሕግ ይሆናል፤ ትልቁ ዕቃ ለብዙ እጅ ይከፋፈላል፤ ሊከፋፈል የማይችለውም ከግርጌ ይቀራል።

በትከሻ ልክ የተቆረጠ ዛፍ

የቀድሞው የዛፍ ቆራጭ ጓዝ በአንድ ሰው ጫንቃ የሚቻል ነበር። ምሳር ወይም መጥረቢያ፣ እጀታው ከወይራ የተሠራ፤ ግንድ ለመሰንጠቅ ሽብልቅና መዶሻ፤ ለመጎተት ጠፍር ወይም ከቃጫ የተገመደ ገመድ፤ ይኸው ነው። የገመዱ ጥበብ በተለይ የሚናቅ አልነበረም። በትግራይ ወደ ደብረ ዳሞ የሚወጣ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ በጠፍር ገመድ ተስቦ ገደሉን እንደሚወጣ ሲታሰብ፣ የዛሬው የዛፍ ሐኪም ወገቡን አሥሮ ቅርንጫፍ ላይ የሚንጠለጠልበት ዘዴ ለኢትዮጵያ ደጋ እንግዳ አለመሆኑ ይታወቃል።

የመሣሪያው ድህነት ግን የራሱ ጥፋት ነበረው። መጋዝ በሰፊው ባልታወቀበት ዘመን፣ አንድ ሳንቃ ለማውጣት ግንዱ በሽብልቅ ተሰንጥቆ በመጥረቢያ ይጠረብ ነበር፤ ከአንድ ትልቅ ጥድም የሚገኘው ሳንቃ ጥቂት ሲሆን፣ የቀረው ፍቅፋቂ ሆኖ ይቀራል። በሁለት ሰው የሚሳበው መጋዝ ሲስፋፋ፣ ከዚያው ግንድ የሚወጣው ጣውላ በዛ። እንግዲህ መሣሪያ ሁሉ ዛፍ አጥፊ ነው ማለት አይቻልም፤ መልካም ስለት ዛፍ ያተርፋል።

በዚያ ዘመን የደን ጠባቂው የመጓጓዣ እጦት ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም። ከባዱ ጥድ፣ ከበቅሎ መንገድ አንድ ቀን ርቆ ከቆመ፣ ከምሳር ያመልጣል። እርግጥ ነው፣ ነገሥታቱም አልፎ አልፎ ለደን ማሰባቸው ይነገራል። ግማደ መስቀሉን በግሸን አኖሩ የሚባሉት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለውን የመናገሻ ሱባ ደን ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንዳስተከሉ በትውፊት ይተረካል። ነገር ግን ደኑን ለመቶዎች ዓመታት ያኖረው ትእዛዙ ብቻ አልነበረም፤ ግንዱን በሙሉ አንሥቶ የሚሄድ ጎማ አለመኖሩም ጭምር ነው።

ባሕር ዛፍና አህያ

አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ ማገዶ አጠራት። በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ እየራቀ ሲሄድ፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከተማዋን ከመፍለስ ያዳናት በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ ለዚህም ሞንዶን ቪዳዬ የተባለው ፈረንሳዊ እንደ መከረ ብዙዎች ጽፈዋል።

ስለ ባሕር ዛፍ ሲጻፍ ፈጥኖ ማደጉና ከጉቶው ማቆጥቆጡ ይወሳል፤ ከሸክም ጋር ያለው ስምምነት ግን ብዙም አይነሣም። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቀጥ ያለ አጣና ይሆናል፤ አጣናውን አንድ ሰው በትከሻው ይይዘዋል፤ ጥቂቱን አሥሮ በአህያ ላይ ይጭነዋል፤ ቅጠሉና ጭራሮውም በሴቶች ጀርባ ከእንጦጦ ወደ ከተማ ይወርዳል። የአንዲት እንጨት ለቃሚ ሸክም ከ30 እስከ 40 ኪሎ የሚደርስ መሆኑን ስናስብ፣ የከተማይቱ ምድጃ በማን ጀርባ ላይ እንደ ቆመ ግልጽ ይሆናል። ስለዚህ ባሕር ዛፍ ካሚዮን በሌለበት አገር፣ ካሚዮን የማይፈልግ ዛፍ ሆኖ ሠመረ ማለት ነው። የዛፉ ዐይነትና የማጓጓዣው ዐይነት የተገናኙበት ምርጥ ምሳሌ ይህ ነው።

ካሚዮኑ ሲመጣ

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን ኦቶሞቢል አዲስ አበባ አደረሰ፤ ይሁንና መንገድ በሌለበት መኪና ለቤተ መንግሥት መደነቂያ ከመሆን አላለፈም። ነገሩ የተለወጠው በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ነው። ወራሪው ሠራዊቱንና ስንቁን ለማመላለስ አሥመራን በደሴ በኩል ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኘውን መንገድ ሠራ፤ ሐይቅና ውጫሌም በዚሁ መስመር ላይ ዋሉ። በመንገዱም ላይ «ትሬንታ ኳትሮ» የሚባለው የፊያት 634 ካሚዮን ይርመሰመስ ጀመር። ለዘመናት ጥዱን ከምሳር የጠበቀው ርቀት በአንድ ጊዜ አጠረ፤ የጣውላ መሰንጠቂያዎችም መንገድ በነካቸው ደኖች ዳር ተተከሉ።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ መንገዱና ቃላቱ ቀሩ። ዛሬም ጋራዥ የገባ ሰው መኪና፣ ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ካሶኒ፣ ስፖንዳ ሲል ይሰማል፤ እንጨት ነጋዴውም «ጣውላ» ይላል። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን መንገዱን ሲጠግንና ሲያስፋፋ፣ የፊያት 682 ዝርያ የሆነው «ኤንትሬ» የደጋውን ዳገት ሁሉ ተቆጣጠረ። በ1960ዎቹ መጀመሪያም የፊያት ካሚዮኖችን በአገር ውስጥ የሚገጣጥም ፋብሪካ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ቀለል ያለው አይሱዙ እስከ ገጠር ገበያ ድረስ ገባ።

ካሚዮኑ ያመጣው ጥቅም የሚካድ አይደለም፤ በረኃብ ዘመን ለወሎ እህል ያደረሰው እርሱው ነው። ነገር ግን ካሚዮን ባዶውን መመለስ አይወድም። ነዳጁ፣ ጎማውና የሾፌሩ አበል ለመልሱም ጉዞ ይከፈላልና፣ ዕቃውን ያራገፈ መኪና መንገድ ዳር የተከመረውን ከሰል፣ ፍልጥና ግንድ ጭኖ ይገባል። ብዙው የመንገድ ዳር ዛፍ ያለቀው ዛፍ ሊቆርጥ በመጣ ሰው አይደለም፤ ሌላ ዕቃ አድርሶ ባዶውን ላለመመለስ በፈለገ ካሶኒ ነው።

ሕግም ነገሩን ለማገድ ሞክሯል። በ1957 ዓ.ም. የመንግሥት፣ የግልና የጥበቃ ደኖችን የሚመለከቱ ሦስት አዋጆች ወጡ፤ በ1972 ዓ.ም. የደንና የዱር አራዊት ጥበቃና ልማት ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም ከመንግሥት ደን ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ እንዳይቆረጡ ከለከለ። አዋጁ ኬላ ላይ ሊጠብቅ ይችላል፤ የካሚዮኑን የመመለሻ ሂሳብ ግን ሊሠርዝ አይችልም።

ከጉልበት ወደ ዕውቀት

ዛፍን ለመጣል ሳይሆን ለማዳን የሚሠራ ሙያ በሌላው ዓለምም የቆየ አይደለም። በእንግሊዝ ተወልዶ በአሜሪካ የሠራው ጆን ዴቪ በ1901 እ.ኤ.አ. ስለ ዛፍ ሕክምና መጽሐፍ አሳትሞ ሙያውን አስተዋወቀ። የዚያ ዘመን ሐኪሞች የዛፍን ቦርቦራ በሲሚንቶ ይሞሉ ነበር፤ ጥርስ እንደሚሞላ ማለት ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ ግንድ እየሰነጠቀ ባደረገው ምርምር፣ ዛፍ ቁስሉን እንደ ሰው ሥጋ እንደማያድን፣ ይልቁንም የታመመውን ክፍል አጥሮ አዲስ እንጨት በላዩ እንደሚያበቅል አስረዳ። ስለዚህ ቅርንጫፍ የሚቆረጠው ግንዱን ልጦ ሳይሆን፣ ከሥሩ ያበጠውን አንገትጌ ሳይነኩ ነው፤ ቀለም መቀባትና ሲሚንቶ መሙላትም አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም። ለከባድ ቅርንጫፍ ሦስት ቁርጥ ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ ከታች ጥቂት መብጣት፣ ቀጥሎ ከዚያ ወጣ ብሎ ከላይ መቁረጥ፣ በመጨረሻ የቀረውን ጉቶ ከአንገትጌው ውጭ ማስወገድ። ይህ ካልሆነ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ይዞ ይወርዳል።

የሞተር መጋዝም ታሪክ ከክብደት ወደ ቅለት የተደረገ ጉዞ ነው። ጀርመናዊው አንድሪያስ ሽቲል በ1926 እ.ኤ.አ. ያወጣው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰንሰለት መጋዝ 48 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ሁለት ሰው ይፈልግ ነበር። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ጆሴፍ ኮክስ እንጨት የሚበላ ትል መንጋጋውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያንቀሳቅስ ተመልክቶ፣ የሰንሰለቱን ጥርስ በዚያው አምሳል አሻሻለ። በ1950 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው ብቻውን የሚይዘው የሽቲል መጋዝ ወጣ፤ ክብደቱም ወደ 16 ኪሎ ወርዶ ነበር። ዛሬ ለምድር ሥራ የሚሆነው ከ5 እስከ 6 ኪሎ፣ ዛፍ ላይ የሚወጡበት ደግሞ ከ4 ኪሎ በታች ሆኗል። መሣሪያው እንዲህ እየቀለለ ሲመጣ፣ አስተዋይ ባለሙያ የሚያየው ነገር አለ፤ ስለቱ ወደ ዛፉ የሚሄድ እንጂ ዛፉ ወደ መኪናው የሚመጣ መሆኑ እየቀረ ነው።

ለዳገቱ የሚስማማው ጓዝ

በኢትዮጵያ የዛፍ ሕክምና የት ያስፈልጋል ቢባል፣ መልሱ ከከተማ አውራ ጎዳናና ከመብራት መስመር ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያን አጸድ ነው። በደጋው የተራቆተ ምድር ላይ ያረጀ ጥድና ወይራ በብዛት የሚገኘው በአጸዱ ውስጥ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ያደረጓቸው ጥናቶች፣ እነዚህ ትንንሽ ደኖች የአገሩ የዛፍ ዘር መሸሸጊያ መሆናቸውን ለዓለም አሳውቀዋል። ያረጀ ዛፍ ባለበትና ብዙ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ስፍራ ደግሞ አደጋ አለ። የመስከረም በዓል የሚውለው ክረምቱ ሲያበቃ ነው፤ አፈሩ ውኃ ጠጥቷል፤ ቅጠሉ ከብዷል፤ ከደረቀው ቅርንጫፍ ሥር ምእመናን ያድራሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለት መፍትሔ ይቀርባል፤ ወይ የታመመውን ቅርንጫፍ ብቻ ማንሣት፣ ወይ ዛፉን ከሥሩ መጣል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚመረጥ የሚወስነው፣ ብዙ ጊዜ የተጠራው ባለሙያ ይዞት የመጣው ጓዝ ነው።

ደሴ ወይም ሐይቅ ላይ ተቀምጦ እንደ ግሸን ያለውን ስፍራ ሊያገለግል የሚያስብ ሰው፣ አስቀድሞ ክብደትን ማስላት አለበት። እርጥብ ባሕር ዛፍ በአንድ ሜትር ኩብ ወደ አንድ ቶን ይመዝናል። ውፍረቱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ አንድ እርጥብ ግንድ እንኳ 380 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ይህን አራት ሰው በዳገት አይሸከመውም። በ60 ሳንቲ ሜትር ከተቆራረጠ ግን እያንዳንዱ 75 ኪሎ ያህል ነው፤ ሁለት ሰው በወሳንሳ ያወርደዋል። ጭራሮና ቅጠል በአንጻሩ ቦታ ይይዛል እንጂ አይከብድም፤ ስለዚህ ለመግረዝ ሥራ የሚያስፈልገው ብዙ ቶን የሚችል ሻንሲ ሳይሆን፣ ስፖንዳው ከፍ ያለ ካሶኒ ነው።

ቀጥሎ የከፍታው ነገር ይመጣል። ደሴ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚያጣ፣ በዚያ ከፍታ ላይ ሩቡን ያህል አጥቶ ነው የሚሠራው። ስለዚህ በወረቀት ላይ የተጻፈውን ጉልበት አይቶ የገዛ ሰው ዳገቱ ላይ ይታለላል፤ ቱርቦ ያለው ሞተር መምረጥ ይሻላል። የሞተር መጋዙም ካርቡራተር ለከፍታው ካልተስተካከለ ነዳጅ ያፍነዋል። ከጉልበት ይልቅ ደግሞ ፍሬን ይቀድማል፤ ከአምባሰል ደጋ የሚወርድ የተጫነ መኪና የሚያስፈልገው የሚያወጣው ማርሽ ብቻ ሳይሆን፣ በሞተር ኀይል አፍኖ የሚያወርደው ማርሽም ነው።

በዚህ መለኪያ ሲታይ፣ አንድ ቶን ያህል የሚጭን፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ከሻንሲው ከፍ ያለ ፒክ አፕ ለመነሻ የተሻለ ነው። አምስት ቶን ገደማ የሚጭነው አይሱዙ ለከተማ ሥራ ይበጃል፤ ለጠመዝማዛው የጠጠር መንገድ ግን ሲያስፈልግ ተከራይቶ መጠቀም ይቻላል። የመለዋወጫ ዕቃም መታሰብ አለበት፤ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ መካኒክ የሚያውቀው መኪና፣ ከአዲስ አበባ ዕቃ ከሚያስጠብቅ የተሻለ መኪና ይበልጣል። የጉዞውም ወቅት ዝናብ በማይበዛበት ጊዜ ቢሆን መንገዱ ይመቻል፤ ዛፉም ከክረምቱና ከበዓሉ በፊት ይመረመራል።

የመሣሪያው ቅደም ተከተል ደግሞ ከመኪናው በፊት ነው። መጀመሪያ የሰው ሕይወት መጠበቂያ፤ የራስ ቆብ፣ የዐይንና የጆሮ መከለያ፣ ከመጋዝ ሰንሰለት የሚከላከል የእግር ልብስ፣ የመወጣጫ ቀበቶና ጤናማ የናይሎን ገመድ። የሞተር መጋዝ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል ስለሚያልፍ፣ ጆሮውን ያልሸፈነ ሠራተኛ የመስማት ኀይሉ ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛ የቅርንጫፍ ማውረጃ ገመድና ዘዋሪ፤ የመቅደሱ ጣሪያ ሥር ያለ ቅርንጫፍ ተጥሎ ሳይሆን ታስሮ ነው የሚወርደው። ሦስተኛ የእጅ መጋዝ፤ ብዙው ግርዘት ሞተር አይፈልግም። የሞተር መጋዙ አራተኛ ነው። መኪናው አምስተኛ ሆኖ ይመጣል፤ ሥራውም እነዚህን መሣሪያዎች ማድረስ ነው። የገንዘብ አቅሙ ውስን የሆነ ጀማሪ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ መኪናውን ቀድሞ ከገዛ፣ ለገመዱ የሚተርፈው አሮጌ ሲባጎ ይሆናል፤ በዚያም ሲባጎ ላይ የሚንጠለጠለው የሰው ነፍስ ነው።

የዕዳው ሂሳብ

ትልቁ ነገር ግን የዕዳው ሂሳብ ነው። አሥር ቶን የሚጭን ካሚዮን በብድር የገዛ ሰው በየወሩ የሚከፍለው አለበት። ከቅርንጫፍ ግርዘት የሚገኘው ክፍያ ያን ዕዳ አይሸፍንም፤ የሚሸፍነው ግንድ ነው። ስለዚህ ያ ሰው አጸዱ ውስጥ ገብቶ አንድ ያረጀ ጥድ ሲያይ፣ ሳያስበው የሚታየው የደረቀው ቅርንጫፍ ሳይሆን የጣውላው ብዛት ይሆናል። «ዛፉ አደገኛ ነው፤ ከሥሩ ይነሣ» ብሎ ለደብሩ አስተዳዳሪ ሲመክር ውሸታም ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ምክሩን የሰጠው ካሶኒው ነው። የመንገድ ዳሩ ዛፍ ያለቀበት የመልስ ጉዞ ሂሳብ፣ በዚህ መንገድ በአጸዱ ውስጥ ይደገማል። አነስተኛ መኪናና ጥሩ ገመድ ያለው ሰው ግን ዛፉን ቢጥል በምን ያነሣዋል? የሚያዋጣው ቅርንጫፉን አንሥቶ፣ ዋጋውን ተቀብሎ፣ በሦስተኛው ዓመት ዳግመኛ መጠራት ነው። የእርሱ እንጀራ በዛፉ መኖር ላይ የቆመ ነው።

ስለሆነም መኪና መምረጥ የሞተር ጉልበት ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊታይ አይገባውም። የዛፍ ሐኪምን ከግንድ ነጋዴ የሚለየው ትምህርቱና ምስክር ወረቀቱ ብቻ አይደለም፤ ከበሩ ላይ የቆመው ካሶኒ ስፋትም ነው። በግሸን የቀድሞ ሰዎች ዳገቱ ራሱ መጠን ይሰጣቸው ነበር፤ ትከሻ ከማይችለው በላይ አልቆረጡም። ዛሬ ዳገቱን መኪና ስለ ደፈረው፣ ያንን መጠን ባለሙያው በገዛ ፈቃዱ ለራሱ ሊወስን ግድ ሆኗል።